ጅብ ከሄደ የሚጮኸው ማረጋገጫ

የዚህ ወር ጥያቄዎች ከአንድ ቦታ የተነሱ ይመስላሉ፤ ሁሉም «ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም) ኮዴን ለምን ነካብኝ?» ይላሉ። የፍላጎችን (ለኮምፓይለሩ የሚሰጡትን ትእዛዞች) እና የፈንክሽኖችን ስም እንደ አነባበባቸው በፊደላችን አስፍረናል፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ይጻፋሉ። ሌላ ካላልን በቀር የምንናገረው ስለ ጂሲሲና ክላንግ ስለተባሉት የሲ ቋንቋ ኮምፓይለሮች፣ «ኢንት» (ተራው የሙሉ ቁጥር ዓይነት) 32 ቢት ስለሆነባቸው ማሽኖች ነው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በዕቃ ቆጠራ ፕሮግራሜ ውስጥ በሲ «ድምር = ሀ + 100» ካልኩ በኋላ፣ በሚቀጥለው መስመር «ድምር < ሀ ከሆነ ስህተት መልስ» የሚል ማረጋገጫ አስገብቻለሁ። ሁሉም ተራ «ኢንት» ናቸው። ያለ ኦፕቲማይዜሽን ኮምፓይል ሳደርገው ይሠራል። ኦፕቲማይዜሽኑን (ኮዱን ማፍጠኑን) የሚያበራውን «-ኦ2» ስጨምር ግን ማረጋገጫው ጠፋ፤ አሴምብሊውን (የወጣውን የማሽን መመሪያ) አውጥቼ ብፈልገውም የለም። ይህ የኮምፓይለሩ ስህተት አይደለም? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይደለም። ከዚሁ ጋር አንድ የሆነ አቤቱታ በጥር 2007 ለጂሲሲ ቀርቦ፣ ከረጅምና ከመራራ ክርክር በኋላ «የኮምፓይለር ስህተት አይደለም» ተብሎ ተዘግቷል።

የሲ ስታንዳርድ ሳይንድ ኢንቲጀር (ኔጌቲቭም የሚይዝ ሙሉ ቁጥር) ከአቅሙ በላይ ሲሞላ፣ ማለትም ኦቨርፍሎው ሲደርስ፣ ምን እንደሚከተል አልደነገገም። ብዙ ሰው «ያልተደነገገ» ሲባል «እንደ ማሽኑ ይለያያል» ማለት ይመስለዋል። የማሽን ልዩነት በስታንዳርዱ ውስጥ ሌላ ስምና ሌላ ክፍል አለው። ያልተደነገገ ማለት ኮምፓይለሩ «ይህ ነገር ፈጽሞ አይደርስም» ብሎ እንዲነሳ የተሰጠው ፈቃድ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ተራ ሒሳብ ነው፦ 100 ፖዘቲቭ ነው፤ ኦቨርፍሎው አይደርስም፤ ስለዚህ ድምሩ ምንጊዜም ከሀ ይበልጣል፤ «ድምር < ሀ» ምንጊዜም ሐሰት ነው፤ ምንጊዜም ሐሰት ለሆነ ነገር ኮድ አይወጣም። ያለ ኦፕቲማይዜሽን የሠራልዎ ኮምፓይለሩ ሁለቱን መስመሮች አገናኝቶ ስላላያቸው ብቻ ነው። በአንድ መስመር «ሀ + 100 < ሀ» ብለው ቢጽፉት ጂሲሲ ያለ «-ኦ2»ም ሊሰርዘው ይችላል።

ማረጋገጫዎ ጅብ ከሄደ የሚጮኽ ውሻ ነው። ጥፋቱ የደረሰው በመደመሩ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ጥያቄው ከስሌቱ ይቅደም፦ «ሀ > ኢንት_ማክስ - 100 ከሆነ ስህተት መልስ»፣ ከዚያ ይደምሩ። ኢንት_ማክስ 2,147,483,647 ነው፤ ከእሱ ላይ 100 መቀነስ ምንጊዜም ይቻላል። የሚደመረው ቁጥር ለ ኔጌቲቭ ሊሆን የሚችል ከሆነ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ያስፈልጋል፦ ለ ከዜሮ ሲያንስ «ሀ < ኢንት_ሚን - ለ» ብለው ይጠይቁ (ኢንት_ሚን ኢንት የሚይዘው ትንሹ ቁጥር ነው)።

ለማባዛት እንዲህ ያለውን ጥያቄ በእጅ መጻፍ አድካሚ ነው፤ አራት የምልክት ሁኔታዎች አሉትና አንዱ ይረሳል። ጂሲሲ ከ5ኛው ትልቅ ቅጂ ጀምሮ «ቢልትኢን_አድ_ኦቨርፍሎው» እና የመቀነሻና የማባዣ ወንድሞቹን ይዟል (ከስማቸው ፊት ሁለት የግርጌ ሰረዝ አለ)፤ ክላንግም አላቸው። ሲ23 (አዲሱ የሲ ስታንዳርድ) ይህንኑ «ሲኬዲ_አድ»፣ «ሲኬዲ_ሰብ»፣ «ሲኬዲ_መል» ብሎ ወደ ስታንዳርዱ አስገብቶታል። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፦ የውጤቱን አድራሻና ሁለቱን ቁጥሮች ይሰጣሉ። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፤ የሚመልሰው «እውነት» ማለት «ሞልቷል» ማለት ነው እንጂ «ተሳክቷል» ማለት አይደለም። ገልብጠው የሚያነቡት ብዙ ናቸው።

እግረ መንገዳችንን፣ «እኔ አንሳይንድ (ኔጌቲቭ የማይይዘውን) ነው የምጠቀመው» የሚሉ አንባቢዎችም አይዝናኑ። አንሳይንድ ሲሞላ ወደ ዜሮ እንደሚዞር የተደነገገ ነው፤ ሆኖም ሁለት ባለ 16 ቢት አንሳይንድ ቁጥሮች ሲባዙ ሲ በመጀመሪያ ሁለቱንም ወደ ሳይንድ «ኢንት» ያሳድጋቸዋል። 46,340ን በራሱ ብናባዛ ይገባል፤ 46,341 ግን በራሱ ሲባዛ 2,147,488,281 ስለሆነ አይገባም። አንድም ሳይንድ ቁጥር ባልጻፉበት ኮድ ውስጥ ሳይንድ ኦቨርፍሎው ገባ ማለት ነው። መድኃኒቱ ከሁለቱ አንዱን ወደ 32 ቢት አንሳይንድ ቀይሮ ማባዛት ነው።

ጥያቄ፦ ዛሬ የሚሸጠው ፕሮሰሰር ሁሉ ሲሞላ ወደ ታችኛው ጫፍ የሚዞር ከሆነ፣ የሲ ኮሚቴ «ይዞራል» ብሎ ቢደነግግ ምን ይጎድልበታል? ረስት የተባለው ቋንቋ ይህን እንደፈታው እሰማለሁ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ኮሚቴው ዕድሉ መጥቶለት አልተጠቀመበትም። በ1989 ስታንዳርዱ ሲወጣ ኔጌቲቭ ቁጥር የሚወከልባቸው ሦስት መንገዶች ነበሩ፤ «አንድ መልስ መደንገግ አንችልም» ማለት ያን ጊዜ ያስኬድ ነበር። ሲ++ በ2020 ቅጂው፣ ሲ ደግሞ በሲ23 ሁለቱን ጥለው ዛሬ ማሽኖች የሚጠቀሙበትን ቱስ ኮምፕሊመንትን ብቻ አስቀሩ። ለሲ++ በ2018 የቀረበው የመጀመሪያ ሐሳብ ኦቨርፍሎውም «ይዙር» ይል ነበር። ኮሚቴው ውክልናውን ተቀብሎ መዞሩን ጣለው፤ ሲ23ም በዚያው መንገድ ሄደ። ስለዚህ የድሮ ማሽን ሰበብ ዛሬ ሞቷል፤ የቀሩት ሁለት ክርክሮች ናቸው።

አንደኛው ፍጥነት ነው። ከ0 እስከ «አይ ≤ ኤን» የሚሄድ ሉፕ እናስብ። መዞር ከተደነገገና ኤን ኢንት_ማክስ ከሆነ ሉፑ አያልቅም፤ ኮምፓይለሩም ይህን ጉድ መጠበቅ አለበት። ኦቨርፍሎው አይደርስም ከተባለ ግን ሉፑ በትክክል ኤን + 1 ጊዜ እንደሚዞር ያውቃል፤ ብዙ ቁጥር በአንዴ በሚያሰላ የቬክተር መመሪያ አራት አራት፣ ስምንት ስምንት አድርጎ ያስኬደዋል። በ64 ቢት ማሽን ላይ ደግሞ ባለ 32 ቢቱን ኢንዴክስ በየዙሩ ወደ 64 ከማስፋት ይገላገላል። ጥቅሙ እውነት ነው፤ ግን ይጋነናል። ኢንዴክሱን «ሳይዝ_ቲ» (እዚያ 64 ቢት የሆነ አንሳይንድ ዓይነት) ያደረገ ሰው የማስፋቱን ወጪ ያለ ምንም ያልተደነገገ ነገር ይገላገለዋል።

ሁለተኛው ክርክር ብዙ አይነሳም፤ እኛ ግን የበለጠ እናከብረዋለን። «ይዞራል» ብሎ መደንገግ ስህተቱን ትክክል ማድረግ ነው። የዕቃ ብዛት ከ2 ቢሊዮን አልፎ ወደ ኔጌቲቭ 2 ቢሊዮን ቢገለበጥ ቋንቋው «እንዲህ ነው የተባለው» ይላል፤ መርማሪ መሣሪያም ደፍሮ ስህተት ሊለው አይችልም። በቆጠራ፣ በሒሳብ፣ በሜሞሪ መጠን ላይ መዞርን ፈልጎ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ ሃሽና ክሪፕቶግራፊ የሚጽፉት ናቸው፣ እነሱም አንሳይንድ አላቸው።

ረስት የያዘው መንገድ ከሁለቱም የተለየ ነው። ኦቨርፍሎው ስህተት ነው፤ ነገር ግን ውጤቱ የታወቀ ነው። በዲበግ (በሙከራ) ግንባታ ፕሮግራሙ ፓኒክ ብሎ ይቆማል፤ በሪሊዝ (ለደንበኛ በሚሄደው) ግንባታ፣ ካልቀየሩት በስተቀር፣ ይዞራል። ኮምፓይለሩ በየትኛውም ጊዜ «አይደርስም» ብሎ ማረጋገጫ የመሰረዝ ፈቃድ የለውም። መዞር የሚፈልግ «ራፒንግ_አድ»፣ ማወቅ የሚፈልግ «ቼክድ_አድ»፣ ጫፉ ላይ መቆም የሚፈልግ «ሳቹሬቲንግ_አድ» ብሎ ሐሳቡን በግልጽ ይጽፋል። ዚግ የተባለው ቋንቋም ለሚዞር መደመር የራሱ ምልክት አለው (+%)፤ ነገር ግን «ሪሊዝፋስት» በሚባለው ግንባታው ተራው መደመር ሲሞላ እንደ ሲ ያልተደነገገ ይሆናል፤ «ሪሊዝሴፍ» ይመረምራል።

ረስት «ፈታው» ለማለት ግን አንቸኩል። በዲበግ የሚቆምና በሪሊዝ ዝም ብሎ የሚዞር ፕሮግራም፣ ስህተቱን የሚያሳየው ደንበኛው በማያይበት ቦታ ነው። ገንዘብ ወይም ከውጭ የመጣ ፋይል የሚነካ የረስት ፕሮጀክት በካርጎ (የረስት ግንባታ መሣሪያ) ማዋቀሪያው የሪሊዝ ክፍል ውስጥ «ኦቨርፍሎው-ቼክስ = ትሩ» ይበል።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ እያንዳንዱ ባይት ስንት ጊዜ እንደመጣ የሚቆጥር ትንሽ ፕሮግራም አለኝ። 256 ክፍል ባለው የኢንት አሬይ ላይ በ«ቻር» (ባለ አንድ ባይት ዓይነት) እየጠቆምኩ እጨምራለሁ። በራስበሪ ፓይ ላይ መልሱ ልክ ነው። ላፕቶፔ ላይ አንዳንዴ ይወድቃል፣ አንዳንዴ ሌላ ቫሪያብል ይበላሽብኛል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግን ሁለቱም ጋ ደህና ነው። (ከጎንደር)

መልስ፦ እንግሊዝኛው የሚያድነው ባይቶቹ ከ128 በታች ስለሆኑ ነው። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ጽሑፍ በባይት በሚቀመጥበት ደንብ) ለእያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ «ሀ» ለምሳሌ 225፣ 136፣ 128 ነው። «ቻር» ሳይንድ ይሁን አንሳይንድ ሲ ለኮምፓይለሩ ትቶታል። በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች ሳይንድ ነው፤ በአርም ላይ በሚሠራ ሊኑክስ አንሳይንድ ነው። አፕል በራሱ የአርም ማሽኖች ላይ ደግሞ ሳይንድ አድርጎታል፤ «አርም ነው» ብሎ መተማመንም አያዛልቅም።

ስለዚህ ላፕቶፕዎ ላይ 225 የነበረው -31 ይሆናል። አሬይዎ ባለ 4 ባይት ኢንት ስለሆነ የሚጽፉት ከአሬይው መጀመሪያ 124 ባይት ወደኋላ ነው። ሦስተኛው ባይት 128 ወደ -128 ተለውጦ 512 ባይት ወደኋላ ይጽፋል። እዚያ ማን እንደተቀመጠ እንደ ዕድል ነው፤ አንዳንዴ መውደቁ፣ አንዳንዴ ሌላ ቫሪያብል መበላሸቱ ከዚህ ነው።

ማስተካከያው ባይቱን «አንሳይንድ ቻር» አድርጎ መያዝ ነው። በዚያው እነዚህንም ይፈትሹ። «ሲ ≥ 128 ከሆነ» የሚል ጥያቄ በሳይንድ «ቻር» ላይ ምንጊዜም ሐሰት ስለሆነ ኮምፓይለሩ ቅርንጫፉን ይሰርዘዋል፤ የአማርኛውን ክፍል የሚያስተናግደው ኮድ በሙሉ ከፕሮግራሙ ይወጣል ማለት ነው። «ኢዝአልፋ» (ባይቱ ፊደል መሆኑን የሚጠይቀው) እና መሰሎቹ የሚቀበሉት ከ0 እስከ 255 ያለውን ወይም የፋይል ማብቂያውን ብቻ ነው። የሊኑክስ የሲ ላይብረሪ የሆነው ግሊብሲ ሠንጠረዡን ከ-128 ጀምሮ ስላዘጋጀ ኔጌቲቭ ቢሰጡትም ዝም ብሎ ያልፋል፤ ሌላ ላይብረሪ እንዲህ ላይታገስ ይችላል። አንድ ባይት የሚያነበው «ጌትቻር» የሚመልሰውን በ«ኢንት» ይያዙ። በ«ቻር» ከያዙት በአንሳይንድ ማሽን ላይ የፋይሉ ማብቂያ -1 ፈጽሞ አይመጣምና ሉፑ አያልቅም፤ በሳይንድ ማሽን ላይ ደግሞ 255 የሆነ ባይት ማብቂያ መስሎ ሥራውን ያቋርጣል።

ሆሄ መቁጠር ከፈለጉ ባይቱን ከ192 ጋር በቢት ደረጃ «እና» (AND) አድርገው ውጤቱ 128 ያልሆነውን ብቻ ይቁጠሩ። «ሰላም» 9 ባይት፣ 3 ሆሄ ይወጣል።

«-ደብልዩኦል» ብለው ቢሆን ኖሮ ጂሲሲ «በቻር ጠቆምክ» ብሎ ያስጠነቅቅዎ ነበር። ከ128 ጋር ያለውን ንጽጽር ግን የሚናገረው «-ደብልዩኤክስትራ» ሲጨመር ነው። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) በዚህ ጣጣ ተሰላችቶ ከ2023ቱ 6.2 ጀምሮ በሁሉም ማሽን ላይ ቻርን አንሳይንድ የሚያደርገውን «-ኤፍአንሳይንድ-ቻር» ይጠቀማል።

ጥያቄ፦ ፖይንተሩ (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዘው) ነል (ባዶ) መሆኑን እየጠየቅኩ ፕሮግራሙ ለምን ጥያቄውን አልፎ ይወድቃል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ኮዱን አልላኩልንም፤ ግን በጣም ሊሆን የሚችለው ከጥያቄው በላይ ባለው መስመር ፖይንተሩን አስቀድመው ተጠቅመውበታል። ነል ፖይንተርን መከተል ያልተደነገገ ስለሆነ ኮምፓይለሩ «ከተከተለው ነል አይደለም ማለት ነው» ብሎ የኋለኛውን ጥያቄ ይሰርዛል። በ2009 በሊኑክስ ከርነል «ተን» በተባለው የምናባዊ ኔትወርክ ድራይቨር ውስጥ የሆነው ይኸው ነው፦ አንዱ መስመር ከስትራክቸሩ ውስጥ ሶኬቱን አወጣ፣ ተከታዩ መስመር ስትራክቸሩ ነል መሆኑን ጠየቀ፣ ጂሲሲም ጥያቄውን ጣለው። በተጠቃሚ ፕሮግራም ውስጥ ነል መከተል ብዙ ጊዜ በመውደቅ ያልቃል። በከርነል ውስጥ ግን አጥቂ የሜሞሪውን ዜሮ አድራሻ በራሱ ዳታ መሙላት ከቻለ መውደቁ ቀርቶ ማሽኑን መቆጣጠር ይሆናል። ከርነሉ ከዚያ ወዲህ «-ኤፍኖ-ዲሊት-ነል-ፖይንተር-ቼክስ» በሚለው ፍላግ ይገነባል፤ ኮዱም መስመሮቹን በማስቀደምና በማስከተል ተስተካከለ።

ሳይታይ የሚያልፍ ሌላ መንገድ አለ። ሜሞሪ ለሚቀዳው «ሜምሲፒዋይ» ነል ፖይንተርና መጠን 0 መስጠት ምንም የማያደርግ ይመስላል፤ እስከ ሲ23 ድረስ ግን ያልተደነገገ ነው፤ ጂሲሲም ከዚያ በኋላ ያለውን የነል ጥያቄ ሊሰርዝ ይችላል። የሲ ኮሚቴ በ2024 ለሚቀጥለው ስታንዳርድ ይህን ለመፍቀድ ወስኗል። እስከዚያው «መጠኑ ከ0 ከበለጠ» ብለው ይጠይቁና ይጥሩት።

ጥያቄ፦ ፓስወርድ የያዘውን ባፈር ከፈንክሽኑ ከመውጣቴ በፊት በ«ሜምሴት» ዜሮ አደርገዋለሁ። ሜሞሪውን ስመለከት ግን ፓስወርዱ አለ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይህ ከያልተደነገገ ነገር ጋር አይገናኝም። ሜሞሪ ላይ ተጽፎ ከዚያ ወዲያ ማንም የማያነበው ነገር በፕሮግራሙ ውጤት ላይ ለውጥ ስለማያመጣ ኮምፓይለሩ መጣል ይችላል፤ ስታንዳርዱም ይፈቅድለታል። በሲ23 «ሜምሴት_ኤክስፕሊሲት»፣ በግሊብሲ ከ2.25 ጀምሮና በኦፕንቢኤስዲና በፍሪቢኤስዲ ላይ «ኤክስፕሊሲት_ቢዜሮ» ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። የሚያጸዱት ግን የሰጧቸውን ባፈር ብቻ ነው። ኮምፓይለሩ በሬጅስተር ወይም በስታክ ላይ ያስቀረው ቅጂ ካለ አይነኩትም።

ጥያቄ፦ የአንድን ፍሎት (የአስርዮሽ ቁጥር) ቢቶች ለማየት አድራሻውን ወደ ኢንት ፖይንተር ቀይሬ አነባለሁ። «-ኦ2» ላይ የድሮውን ዋጋ ያነብልኛል። (ከዱባይ)

መልስ፦ በሲ ደንብ ፍሎትንና ኢንትን የሚያሳዩ ሁለት ፖይንተሮች አንድ ቦታ አይጠቁሙም ተብሎ ይታሰባል፤ «ስትሪክት ኤልያሲንግ» የሚባለው ይህ ነው፤ ጂሲሲ ከ«-ኦ2» ጀምሮ ይተገብረዋል። በፍሎት በኩል የጻፉት በኢንት በኩል የሚያነቡትን ስለማይነካ ንባቡ ከጽሑፉ ሊቀድም ይችላል። አራቱን ባይት በ«ሜምሲፒዋይ» ወደ ባለ 32 ቢት ቫሪያብል ይቅዱ። «ፈንክሽን መጥራት ያዘገያል» ብለው አይስጉ፤ መጠኑ ቋሚና ትንሽ ስለሆነ ኮምፓይለሩ ወደ አንድ መመሪያ ይለውጠዋል። ዩኒየንም በሲ ይሠራል፤ በሲ++ ግን አይፈቀድም፤ እዚያ ከ2020 ጀምሮ «ቢት_ካስት» አለ።

እኛ ይህን ደንብ ከኦቨርፍሎው የባሰ እንቆጥረዋለን፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ሲሠራ ስህተት የሚያጋልጡት የተለመዱት ሳኒታይዘሮች (አድሬስና አንዲፋይንድ) እንኳ አይይዙትም። የሊኑክስ ከርነልና ፖስትግሬስኪውኤል ደንቡን በ«-ኤፍኖ-ስትሪክት-ኤልያሲንግ» አጥፍተውታል። ያረጀ ኮድ የተረከበ ሰው ቢከተላቸው አያፍርም።

ጥያቄ፦ ታዲያ በየቀኑ በምን ፍላጎች ልሥራ? (ከአዳማ፣ የመጀመሪያው ጠያቂ)

መልስ፦ ሁለት ግንባታ ይኑርዎ። የሙከራው «-ኦ1»፣ «-ጂ»፣ «-ደብልዩኦል»፣ «-ደብልዩኤክስትራ» እና «-ኤፍሳኒታይዝ=አድሬስ,አንዲፋይንድ» ይኑረው። የሳኒታይዘሩ ፍላግ ኮምፓይል ሲደረግም ሊንክ ሲደረግም መሰጠት አለበት፤ አለበለዚያ ሊንከሩ ስማቸውን የማያውቃቸው ፈንክሽኖች አሉ ብሎ ያማርራል። «-ኤፍኖ-ሳኒታይዝ-ሪከቨር» ይጨምሩበት፤ ካልጨመሩ ኦቨርፍሎውን አሳውቆ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሙከራውም «አለፈ» ተብሎ ይመዘገባል። ሳኒታይዘሩ የሚያየው የተኬደበትን መንገድ ብቻ ስለሆነ ኢንት_ማክስን፣ ኢንት_ሚንን፣ 0ን፣ -1ን እና ባዶ ፋይልን ሆን ብለው ያስገቡ። ኢንት_ሚን ሲካፈል በ-1 አይርሱ፤ ኢንቴል ላይ ፕሮግራሙ ይገደላል፣ በ64 ቢት አርም ላይ ኢንት_ሚን ራሱ ይመለሳል።

ለደንበኛ የሚሄደው በ«-ኦ2» ይሁን፤ ሙከራዎቹንም በእሱ ላይ ይድገሟቸው። ኮዱ የቆየና ብዙ እጅ የገባበት ከሆነ ኦቨርፍሎው እንዲዞር የሚያደርገውን «-ኤፍራፕቪ» ያክሉ፤ የሰረዘብዎትን ማረጋገጫ ይመልሰዋል። በሙከራው ግንባታ ላይ ግን አያድርጉት፤ ኦቨርፍሎውን የተደነገገ ስለሚያደርገው ሳኒታይዘሩን ሊያሳውረው ይችላል። ኦቨርፍሎው ሲደርስ ፕሮግራሙን የሚያቆመውን «-ኤፍትራፕቪ» ብዙዎች ይመክራሉ፤ በጂሲሲ ግን አሮጌና የማያስተማምን ነው። እንዲህ እንዲቆም ከፈለጉ «-ኤፍሳኒታይዝ=ሳይንድ-ኢንቲጀር-ኦቨርፍሎው»ን ከ«-ኤፍሳኒታይዝ-ትራፕ» ጋር ይጠቀሙ፤ ይህ ሁለተኛው በጂሲሲ የመጣው ከ13ኛው ቅጂ ጀምሮ ነው። በትራፕ ሁነታ የሳኒታይዘሩ ላይብረሪ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ሊንኩ ላይ የሚጨመር ነገር የለም።